የሕጻናት ጆሮ የማን አደራ ነው?

ያለፈው ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ታናሽ እህቴ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ደወለችልኝ። ሰላምታችንን ጨርሰን የእናታችንን ጤንነት ከጠየቀች በኋላ «አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ፤ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። የዘጠኝ ወር ሴት ልጅ አለቻት። በሳምንት አንድ ቀን ልጇን ታቅፋ ወደ አንድ አዳራሽ ትሄዳለች። እዚያም አሥር ያህል እናቶችና ሁለት ሦስት አባቶች ሕጻናቶቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አስተማሪዋ ታዜማለች፣ ወላጆች ይቀበላሉ። ለሕጻናቱ ሲነቀንቁት የሚንሿሿ ትንሽ ዕቃ ይታደላል። መሐል ላይ ከበሮ ይመጣል። አርባ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ለዚህ ገንዘብ ይከፈላል።

አንዲት የመስጊድ ጓደኛዋ ይህንን ስትሰማ «ልጅሽን በሐራም እያሳደግሽ ነው» አለቻት። የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ «እንዳታቋርጪ፤ አእምሮዋን ያሰላላታል» ብላ መከረቻት። «ከሁለቱ የማንን ልስማ?» ነው የእህቴ ጥያቄ። ሁለት ቀን ስጪኝ አልኳት። ሁለቱ ቀን ከሁለት ወር በላይ ፈጀ፤ ምክንያቱም ጥያቄው እሷን ትቶ ወደ እኔ ቤት፣ ወደ ኮልፌ መጣ።

በመጀመሪያ የባልደረባዋን ምክር ልመልከት፤ ቀላሉ እሱ ነውና። ከአራስ እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕጻናትን ከወላጆቻቸው ጋር ሰብስቦ ዜማ ማስተማር በአሜሪካ አዲስ ነገር አይደለም። በዚህ በኩል ስሙ የሚጠራው «ሚዩዚክ ቱጌዘር» የተባለው ፕሮግራም በ1987 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ ግዛት ነው የተጀመረው። ነገር ግን ወላጅን ያንጋጋው ሌላ ወሬ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ራውሸር የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። የሞዛርትን ሙዚቃ አሥር ደቂቃ ያዳመጡ ሰዎች ቅርጽንና አቀማመጥን በሚመለከት ፈተና ለጊዜው የተሻለ ውጤት አመጡ የሚል ነበር። የተፈተኑት 36 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ አንድም ሕጻን አልነበረበትም። ውጤቱም ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየም። ይሁንና ወሬው ከጥናቱ ቀድሞ ሮጠና በ1998 እ.ኤ.አ. የጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ ዜል ሚለር በግዛቷ ለሚወለድ እያንዳንዱ ሕጻን የሙዚቃ ቅጂ የሚታደልበት 105,000 ዶላር ይመደብ ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ። በ2010 እ.ኤ.አ. የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አርባ ያህል ጥናቶችን ሰብስበው ቢመረምሩ ሞዛርት ሰውን ብልኅ ስለማድረጉ ይህ ነው የሚባል ማስረጃ አላገኙም።

በአሜሪካኖች ለመሳቅ ግን አንቸኩል። ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በ18 ማዞሪያ በኩል እስከ አጠና ተራ ድረስ በእግሩ የተጓዘ ሰው በየአጥሩ የተለጠፈውን የመዋዕለ ሕጻናት ማስታወቂያ ያንብብ። ሁሉም አእምሮን ስለማሳደግ፣ ሁሉም ልጅ በሦስት ዓመቱ እንግሊዝኛ ስለመናገሩ ነው። እኛ ሙስሊሞችስ? «ለልጅህ ቁርአን አሰማው፤ በትምህርቱ አንደኛ ይወጣል» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል! የአላህን ቃል እንደ ቫይታሚን ቆጥረን ለፈተና ማለፊያ ስናዝዘው ከሞዛርት ነጋዴዎች በምን ተለየን? ልጅን ለውጤት ብሎ ማሰማት ልጁን እንደ ማሳ ማየት ነው፤ ዘር ዘርቶ ምርት መጠበቅ። በዚህ ስሌት ምርት ያልሰጠ ልጅ ምን ሊባል ነው?

ወደ መስጊድ ጓደኛዋ ንግግር ልመለስ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋ ለመስጠትም አልደፍርም። የዑለሞቻችን ልዩነት ግን በአደባባይ የሚታወቅ ነው። በሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ አብዛኞቹ የአራቱ መዝሀቦች ሊቃውንት ክልከላን መርጠዋል፤ ቡኻሪ ውስጥ የሚገኘውን የአቡ ማሊክ አል-አሽዐሪን ሐዲስ መሠረት ያደርጋሉ። የአንደሉሱ ኢብን ሐዝም የሐዲሱ ሰንሰለት ተቋርጧል ብለው ሲከራከሩ፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ የሐዲስ ሊቃውንት ደግሞ አልተቋረጠም ብለው መልሰውላቸዋል። በዘመናችን በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ አኼራ የሄዱት ሼህ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ በይዘቱ ንጹሕ የሆነን ዜማ በቅድመ ሁኔታዎች ፈቅደዋል። ስለ ድቤ፣ ማለትም ስለ ዱፍ፣ በሠርግና በዒድ ቀን መፈቀዱን የሚያሳይ የታወቀ ሐዲስ አለ፤ ሁለት ልጃገረዶች በእመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤት ሲያዜሙ አቡበክር (ረ.ዐ) ሊያስቆሟቸው ሲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዒድ ቀን ነውና ተዋቸው ማለታቸው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እህቴ ስለ ከበሮውና ስለሚንሿሿው ዕቃ በሠፈሯ ካሉት ኢማም ትጠይቅ፤ በዚህ ላይ ከእኔ የተሻለ ሰው አታጣም።

እኔን የያዘኝ ከዚህ የቀደመ ነገር ነው። ሕጻን ቃሉን አይረዳም። ቃሉን ለማይረዳ ፍጡር ስለሚዜም ዜማ ያለፉት ሊቃውንት ምን አሉ? ኢማም አል-ገዛሊ ኢሕያእ በተባለው ታላቅ ሥራቸው ስለ ሰማዕ፣ ማለትም ስለ ማዳመጥ፣ በጻፉበት ክፍል ያለቀሰ ሕጻን በአንቀልባው ሆኖ መልካም ድምፅ ሲሰማ ዝም እንደሚል ያነሳሉ። የሚያነሱትም ለክርክር ነው። የድምፅ ውበት ልብን የሚነካው ትርጉሙ ስለገባን ብቻ ቢሆን ኖሮ ትርጉም የማያውቀው ሕጻን ለምን ዝም ይላል? ግመልም ቢሆን የነጂውን ዜማ ሰምቶ ሸክሙ ይቀለዋል ይላሉ። ከእርሳቸው በፊት የኖሩት ሐኪሙ ኢብን ሲና ደግሞ ቃኑን በተባለው የሕክምና መጽሐፋቸው ስለ አራስ አያያዝ ሲያስተምሩ ሁለት ነገሮችን ያዝዛሉ፤ ቀስ ብሎ መወዝወዝንና እናቶች ለማስተኛት የለመዱትን ዜማ። የመጀመሪያው ለአካሉ፣ ሁለተኛው ለነፍሱ ነው ባይ ናቸው። ዘጠኝ መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የሞቱ ሁለት ሙስሊሞች ከቨርጂኒያው አዳራሽ ቀድመው እዚያ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የራሳቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምሳሌ አለ። አነስ (ረ.ዐ) አቡ ዑመይር የሚባል ገና ጡት የጣለ ታናሽ ወንድም ነበረው። ልጁ ኑገይር የምትባል ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ሞተችበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጁን ባገኙት ጊዜ ወፏ ምን እንደሆነች የጠየቁት ቤት በሚመታ ንግግር ነበር፤ በዐረብኛ የልጁ ስምና የወፏ ስም በአንድ ድምፅ ያልቃሉ። ዓለምን ሊለውጡ የተላኩ ሰው ላዘነ ሕጻን ቃላት ያገጣጥሙለታል! ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለ ወፍ ማሳደግ ሲጠቀስ ሰምቻለሁ፤ ልጅን በቁልምጫ ስለመጥራት ሲጠቀስ ሰምቻለሁ። ስለ ድምፁ ያሰብኩት ግን ዘንድሮ ነው።

እዚህ ላይ ኑዛዜ መሰል ነገር ልናገር፤ አንባቢ ይታገሰኝ።

እናቴ የወሎ ሰው ናት። ከአባቴ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥታ ኮልፌ እፎይታ ገበያ አካባቢ ጎጆ ከቀለሰች ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗታል። ፊደል አልቆጠረችም። ልጆች ሳለን በየሐሙስ ማታው ቤታችን ውስጥ ወዳጃ ነበር። የወሎዎቹ፣ የስልጤዎቹና የወርጂዎቹ ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ፤ አድሩስ ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ድቤ ይመታል፣ መንዙማ ይባላል። ሕጻናት ሁሉ በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ነበር። እናት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትወዛወዝ የታዘለው ልጅ አብሮ ይወዛወዛል፤ ድምፁን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በደረቱም፣ ከእናቱ የጀርባ አጥንት ይሰማዋል። እህቴ በገንዘቧ የምትከታተለው ትምህርት ይኸው ነበር። ያውም ምንጣፉ የእኛው፣ ቡናውም የእኛው፣ ከፋይም አልነበረ።

ከዚያ ቤት ምን ተማርኩ? መንዙማ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው ነዝም፣ ከግጥም የመጣ ነው። የወሎ ዑለሞች፣ ጀማ ንጉሥን ከመሠረቱት ከሼህ ሙሐመድ ሻፊ አንስቶ እስከ ዳና ድረስ፣ ሕዝቡን በዚህ መንገድ አስተምረዋል። ዐረብኛ ለማያውቀው አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም፣ ጽፈው ተዉለት፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ዜማውን ሰጡት። እናቴ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ልጆች ስም በቅደም ተከተል ታውቃለች፤ ስለ ሒጅራ፣ ስለ ዋሻው፣ ስለ ሸረሪቷ ታውቃለች። ከየትም መጽሐፍ አይደለም።

በ2001 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ለክረምት ዕረፍት ስመለስ ብዙ አንብቤ፣ ብዙ ካሴትና ሲዲ ሰምቼ ነበር። አንድ ሐሙስ ማታ በሴቶቹ ፊት ቆሜ ይህ ሁሉ ቢድዓ ነው አልኩ። ማስረጃዬን በዐረብኛ አነበብኩ፤ ተረጎምኩ። ማንም አልተከራከረኝም። አንዷ ሴትዮ «የተማረ ልጅ አላህ ሰጠሽ» አለቻት እናቴን። በሚቀጥለው ሐሙስ ማንም አልመጣም። እኔም ደስ አለኝ፤ አሸነፍኩ ብዬ ነው መሰለኝ።

ዛሬም ቢሆን ያልኩትን ሁሉ አልክድም። በአንዳንዱ መንዙማ ውስጥ ከአላህ ውጭ ያለን፣ የሞተን ወሊይ ድረስልኝ ብሎ የመለመን ቃል አለ፤ ይህ ትክክል ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው አላገኘሁም። ግን እኔ ያንን ቃል ብቻ ለይቼ አላነሳሁም። ስንዴውንም እንክርዳዱንም በአንድ ቃል «ሐራም» ብዬ ከደጅ ደፋሁት። በምትኩስ ምን ሰጠሁ? ምንም።

የእህቴ ጥያቄ ከመጣ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ቤት ስገባ እናቴ የእኔን ሁለተኛ ልጅ፣ የአምስት ወሩን ሕጻን፣ አዝላ ታስተኛለች። ወዲያ ወዲህ ትላለች። ድምፅ የለም፤ «ሽሽሽ» ከማለት በቀር። የመጀመሪያዋን ልጄንም እንዲሁ ነበር ያስተኛቻት፤ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት እሹሩሩ አልተሰማም፤ እኔም ልብ አላልኩም። ጠየቅኳት።

«እማ፣ ለምንድን ነው ዝም የምትይው? እኛን ስታስተኚ እንዲህ አልነበርሽም እኮ።»

አየችኝ። «አንተ አይደለህ እንዴ ሐራም ነው ያልከኝ?»

«እሹሩሩን እኮ አላልኩም።»

«እኔ ምኑን ከምኑ ለያይቼ አውቄ? የእኔ እሹሩሩ የነቢ ስም ነው፤ የወዳጃው ነው። ምላሴ ሲጀምረው እፈራለሁ። ልጁን እንዳልበድለው ብዬ ዝም አልኩ።»

ከዚህ የበለጠ የሚከብድ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል 78ኛው አንቀጽ ከእናቶቻችን ሆድ ምንም ሳናውቅ እንዳወጣን ከነገረን በኋላ የሰጠንን ሲቆጥር የሚያስቀድመው መስሚያን ነው፤ ማየት ከዚያ ይከተላል፣ ልብ ደግሞ በመጨረሻ። በ1980 እ.ኤ.አ. ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሦስት ቀን ያልሞላቸውን አራሶች ፈትነው፣ ሕጻናቱ ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸውን ድምፅ ለመስማት ሲሉ የጡጦ አጠባባቸውን እንደሚለውጡ አሳይተዋል። ልጅ የሚወለደው አንድ ድምፅ አውቆ ነው። እኛ በቀኝ ጆሮው አዛን የምንለው፣ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ስለ ሐሰን ልደት የዘገቡትን ተከትለን፣ የዚህ ጆሮ አደራ ገና ከመነሻው ከባድ መሆኑን አምነን አይደለምን? ዓይን ሽፋሽፍት አለው፤ አፍ ከንፈር አለው። ጆሮ የሚዘጋበት ነገር አልተሰጠውም፤ ሕጻን ደግሞ ተነስቶ መሄድ አይችልም።

ለመሆኑ፣ ልጁ ሳይመርጥ በጆሮው የምናስገባው ነገር በደል ነው ወይስ ስጦታ? አንዳንድ ምዕራባውያን ልጅ አድጎ ራሱ እስኪመርጥ ድረስ በሃይማኖት ነገር ዝም በሉት ይላሉ። እኔ በ2001 ያሰብኩት ከዚህ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም ነበር፤ አሁን ሳየው ግን አንድ የጋራ ስሕተት አለን። ሁለታችንም ድምፁን ብናስወግድ ንጹሕ ዝምታ የሚቀር መስሎናል። ዝምታ የሚባል ነገር ግን የለም። እናት ዝም ባለችበት ቤት ስልኩ ይጮኻል። ኮልፌ ውስጥ ስንት የተከበረ የሙስሊም ቤት ገብቼ፣ እናቲቱ ወጥ ስትሠራ የአንድ ዓመት ልጇ ፊት ስልክ ተደግፎ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የካርቱን ዘፈን ሲለፈልፍለት አይቻለሁ! የእኔም ቤት እንዲሁ ነው፤ ልዋሽ አልችልም። ለልጄ እናቴ እንዳታዜም ከለከልኩ፤ ለስልኩ ግን በየወሩ የኢንተርኔት ካርድ እገዛለት ነበር።

ሌላው ነገር፣ ስልኩ ልጁን አያየውም። ኢብን ሲና ያዘዙት ውዝዋዜና ዜማ አብረው የሚሄዱት የሚያዜመው አካል ልጁን ስለያዘው ነው። ልጁ ሲያፏጭር ዜማው ይፈጥናል፣ ሲያንቀላፋ ይዘገያል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ሲያሰግዱ የሕጻን ለቅሶ ሲሰሙ እናቲቱን አስበው ያሳጥሩ እንደነበር ተዘግቧል፤ የልጅን ድምፅ ሰምቶ የራስን ድምፅ መለወጥ ማለት ይህ ነው። ቴሌቪዥናችን ከተከፈተበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሀገሪቱን ልጆች፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ በተረት አሳድገዋል። የቀጭኔዋ የፀሐይ ፕሮግራምም በዜማ ንጽሕናን ሲያስተምር ኖሯል። ለሁለቱም ባለውለታ ነን። ቢሆንም እነርሱ የሚረዱት ቁጭ ብሎ ማየት የቻለውን ልጅ ነው፤ የታዘለው ልጅ ድርሻ የእናትና የአያት፣ ለምን አይሆንም፣ የአባትም ነው። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጡት የልጆች ነሺዳዎች መልካም ናቸው፤ ግን እናቲቱ ራሷ የማይገባትን ዐረብኛ ከስልክ አስከፍታ ወደ ጓዳ ከሄደች፣ ያው ስልክ ነው።

ለእህቴ የደወልኩት በዙልሒጃ ወር ነው። የአእምሮ ነገር ተረት መሆኑን ነገርኳት። የከበሮውን ነገር ኢማሙን ጠይቂ አልኳት። ትምህርቱ ጥሩ ጎኑ አንድ ነው፤ አንቺ ራስሽ አፍሽን ከፍተሽ ለልጅሽ እንድታዜሚ ማድረጉ ነው አልኳት። «እንግዲያው ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የእማን አዚሚላት።»

«አላውቀውማ» አለች። «አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር ስታቆም። ጫፍ ጫፉን ነው የማስታውሰው።»

ስልኩን ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ። የተባለውን ነገርኳት። እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ስልኩን ተቀበለችኝ፤ ከዚያ ግን መልሳ አየችኝ።

«ሐራም ነው ያልከው የቱን ነው? ለይተህ ንገረኝ።»

ለይቼ ነገርኳት። የትኛውን ቃል እንደማልወደው፣ የቀረው ሁሉ ግን የእኔ ስሕተት እንደነበር ነገርኳት፤ ይቅር በይኝም አልኳት። ጥቂት አሰበች። «እሱ ያልከው እኮ የእኛ አይደለም፤ እነ እንትና ናቸው የሚሉት» አለች፤ ስሟን የጠራቻት ሴትዮ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ኮልፌ መቃብር ነው ያለችው። ከሐሙስ ሴቶች አራቱ እዚያ ናቸው። ይቅር ይበለኝ ብዬ ልጠይቃቸው አልችልም።

«የመሐሉ ጠፍቶኛል» አለች እናቴ። «የመሐሉን የስልጤዋ ጎረቤታችን ታውቀዋለች፤ ጥራልኝ።»

ጠራሁላት። ሁለቱ ተቀመጡ፤ የአምስት ወሩ ልጅ ጭናቸው ላይ ነው፤ ስልኩ መሐላቸው። እህቴ ከወዲያ ማዶ «ሃሎ፣ ሃሎ» ትላለች። እኔም ልቀመጥ ስል እናቴ ቀና አለች።

«አንተ ውጣ» አለችኝ። «አንተ እያለህ አይወጣልኝም።»

ወጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ።